ከመስቀል አደባባይ አናት በላይ

(የመግቢያ ዜማ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ እያለ ይጠፋል)



የዛሬውን ትምህርት ከምታውቁት ቦታና ከምታውቁት ምሽት ልጀምር። ቀኑ መስከረም 16 ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ። ደመራው ተለኩሷል። ሕዝቡ ጧፉን እንደያዘ፣ ደመራው በየት በኩል እንደሚወድቅ እያየ ይጠባበቃል። ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የሁሉም ዓይን እሳቱ ላይ ነው። ከሕዝቡ መካከል አንድ ልጅ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጣቱን ቀጥ ብሎ ወደ አናቱ ቢቀስር፣ ሳያውቀው የሚጠቁመው ሌላ እሳት አለ። በጋላክሲያችን ውስጥ ከታወቁት ግዙፍ የከዋክብት መወለጃዎች አንዱ ነው።

ይህ ቦታ ደብሊው 49 ይባላል። ሰማይም እንደ ምድር ኬክሮስ አለው፤ የደብሊው 49 ኬክሮስ ከዘጠኝ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ይላል። የአዲስ አበባም ኬክሮስ ዘጠኝ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ምድር በዞረች ቁጥር፣ በየዕለቱ አንድ ጊዜ፣ ከከተማዋ አናት በላይ ያልፋል። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዳንዴ አገር ሁሉ ተኝቶ ሳለ ያልፋል። በደመራ ሰሞን ግን የሚያልፈው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ልክ እንደመሸ ነው።

ልጁ ግን ምንም አያይም። ጥፋቱ የጭሱ ወይም የከተማው መብራት ብቻ አይደለም። ከከተማ ርቆ፣ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ በዓይን የሚታይበትን በዓለም ትልቁን ቴሌስኮፕ ቢሰጡትም አያየውም። በእኛና በደብሊው 49 መካከል ወደ 36 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት አለ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ደግሞ ብርሃንን የሚውጥ አቧራ ተዘርግቷል።

ታዲያ ማንም በዓይኑ ያላየው ነገር እዚያ መኖሩን በምን አወቅን? አሁን እናንተና እኔ በምንገናኝበት በዚሁ በሬዲዮ ሞገድ ነው። ዛሬ የምናወጋው የጋላክሲያችንን ወለል በሬዲዮ እየዳሰሱ፣ በውስጡ እንደ ነጥብ ጠብ ጠብ ብለው የሚገኙትን የሬዲዮ ምንጮች አንድ በአንድ ስለቆጠሩ ሰዎች ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ዝግጅት ዓመተ ምሕረት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

(ሬዲዮ ከጣቢያ ውጪ ሲሆን የሚሰማው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ፤ ለአምስት ሰከንድ)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የሬዲዮኑን መዘውር ስታዞሩ፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚሰማው ነው። ብዙ ጊዜ «ጣቢያ የለም» ብለን እናልፈዋለን። በውስጡ ግን የመብረቅ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የራሱ የሬዲዮኑ ድምፅ አለ፤ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተቀላቅሎ ከጋላክሲያችን የመጣ ሹክሹክታም አለበት።

ይህን ሹክሹክታ መጀመሪያ የለየው ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ፣ ሆልምደል በሚባል ቦታ ለቤል የስልክ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የተሰጠው ሥራ ከሰማይ ምርምር ጋር አይገናኝም፤ አትላንቲክን ተሻግሮ የሚሄደውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አጣራ ነው የተባለው። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንቴና ሠራ፤ በአሮጌ የፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ አቁሞ በ20 ደቂቃ አንድ ዙር እያዞረ አዳመጠ። የቅርብ መብረቅ ሰማ፤ የሩቅ መብረቅ ሰማ። ሦስተኛው ድምፅ ግን ከየት እንደመጣ አልታወቀም፤ ያለማቋረጥ «ሽ» ይላል፣ በቀን አንዴ ይጎላል።

መጀመሪያ ከፀሐይ የመጣ መሰለው። ወራት ሲቆጠሩ ግን ድምፁ የሚጎላበት ሰዓት በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ መጣ። ዑደቱ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሆነ። ይህ ደግሞ የፀሐይ ቀን አይደለም፤ የከዋክብት ቀን ነው። ኮከቦች ከትናንቱ በአራት ደቂቃ ቀድመው እንደሚወጡ ሌሊት ሰማይን የሚመለከት እረኛም ያውቃል። ጃንስኪ በ1933 ድምፁ ከጋላክሲያችን፣ ከሁሉም በላይ ከመካከለኛው ክፍል፣ እንደሚመጣ ለዓለም አስታወቀ። በ44 ዓመቱ በ1950 ሲያርፍ የከፈተው በር ገና ጠባብ ነበር። ዛሬ የሬዲዮ ምንጮች ድምቀት የሚለካበት መለኪያ በስሙ «ጃንስኪ» ይባላል።

(አጭር የዜማ መሸጋገሪያ)

አድማጮች፣ እስቲ አሁን ጋላክሲያችን ምን እንደምትመስል እናስብ። ከምጣድ የወጣ አንድ እንጀራ አስቡ። ስፋቱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ጋላክሲያችን፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ መቶ ሺህ የብርሃን ዓመት ትሰፋለች፤ ጋዙና አዳዲስ ኮከቦቹ የተከማቹበት ወለል ግን ውፍረቱ ከአንድ ሺህ የብርሃን ዓመት ብዙም አያልፍም። ልኩ ከእንጀራው ጋር የሚቀራረብ ነው። እኛ ደግሞ በእንጀራው ውስጥ፣ በመሐሉና በጠርዙ መካከል ያለን ጉንዳን ነን። ጉንዳኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያይ ወዲያው ከእንጀራው ወጥቶ ባዶ ያያል። በእንጀራው ውስጥ ለውስጥ አግድም ቢያይ ግን ብዙ እንጀራ ነው የሚጠብቀው። ሰማይ ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ የምናየው ነጭ ጭጋግ ይህ አግድም ዕይታ ነው። የሰማይ ተመራማሪዎች የጋላክሲ ጠለል ይሉታል።

ገጠር ያላችሁ፣ ወይም ገጠር ያደጋችሁ፣ ጨረቃ በሌለችበት የጠራ የመስከረም ምሽት ይህን መቀነት ታውቁታላችሁ። ከአናት በላይ ሲደርስ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል፤ በመካከሉ ጥቁር ሰርጥ አለ። ጥቁሩ ኮከብ የሌለበት ባዶ ቦታ እንዳይመስላችሁ። ከበስተኋላው ያሉትን ኮከቦች የጋረደ አቧራ ነው። የእኛ ደብሊው 49 በዚያ አቅጣጫ፣ ከዚያ ሁሉ መጋረጃ በስተጀርባ ይገኛል።

ታዲያ አቧራው ብርሃንን የሚያስቀር ከሆነ፣ ሬዲዮን ለምን አያስቀርም? ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። የአቧራው ቅንጣት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያንሳል። የሚታየው ብርሃን ሞገድም መጠኑ ከዚያው ጋር ስለሚቀራረብ ይጋጭና ይበተናል። ዛሬ የምናወራለት የሬዲዮ ሞገድ ግን ስድስት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዝሆን በጤፍ ፍሬ ተደናቅፎ እንደማይወድቅ ሁሉ፣ ይህ ሞገድም በአቧራ አይደናቀፍም። 36 ሺህ ዓመት ተጉዞ ይደርሳል።

ሬዲዮ ግን የራሱ ችግር አለው። ያያል፤ አጥርቶ አያይም። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር አጥርቶ ለማየት የሚያስፈልገው አንቴናም መግዘፍ አለበት። በ1958 ጋርት ቬስተርሃውት የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ድዊንገሎ ላይ በተተከለ ስፋቱ 25 ሜትር በሆነ ዲሽ የጋላክሲውን ጠለል ቃኝቶ የሬዲዮ ምንጮችን ዝርዝር አወጣ። «ደብሊው» የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ 49 ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ያለው ተራ ቁጥር። የዚያ ዲሽ ዓይን ግን ከግማሽ ዲግሪ ያነሰውን ነገር መለየት አይችልም ነበር። ግማሽ ዲግሪ ማለት የሙሉ ጨረቃ ስፋት ነው። ስለዚህ ቬስተርሃውት ደብሊው 49ን ያየው እንደ አንድ እብጠት ነው።

ኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲታይ እብጠቱ ሁለት ሆነ። አንደኛው ኮከቦች የሚወለዱበት ደመና ነው። ሁለተኛው ከጨረቃ ግማሽ ስፋት ባነሰ ርቀት ጎኑ ያለው፣ ፈንድቶ የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው። ክርስትናና ተዝካር በአንድ ድንኳን ተደግሶ፣ ከሩቅ ላየው አንድ ግብዣ መስሎ ነበር ማለት ነው። አጥርቶ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

(አጭር የዜማ መሸጋገሪያ)

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል ያገራችን ሰው። የሬዲዮ ተመራማሪዎችም መፍትሔውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ዲሽ መሥራት አይቻልም፤ ብዙ ዲሾችን አራርቆ ተክሎ የሰሙትን ማቀናጀት ግን ይቻላል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ፣ በ1980 የተመረቀ እንዲህ ያለ መሣሪያ አለ። በእንግሊዝኛው ምህጻር ቪኤልኤ ይሉታል። 27 ዲሾች በሦስት ክንድ፣ ባላ ባለው እንጨት ቅርፅ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ዲሽ 25 ሜትር ይሰፋል፤ ልክ እንደ ድዊንገሎው። ክብደቱ ከ200 ቶን ያልፋል። ሆኖም ዲሾቹ በባቡር ሐዲድ ላይ ስለሚጓጓዙ አንዳንዴ ተሰብስበው፣ አንዳንዴ እስከ 36 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰማይ የመጣው ሞገድ አንዱን ዲሽ ከሌላው ዲሽ በፊት፣ በእጅግ ጥቂት ቅጽበት ቀድሞ ይመታዋል። ያቺ የመቅደምና የመዘግየት ልዩነት ሞገዱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ትናገራለች። 27 ዲሾች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ 351 ጥንዶች ይሆናሉ። 351 ምስክር አንድ ጉዳይ ላይ ሲጠየቅ ነገሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

በዚህ መሣሪያ ከ2006 ጀምሮ አንድ ትልቅ ቅኝት ተካሄደ። መሪው በእንግሊዝ አገር የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ሜልቪን ሆር ነበሩ። የቅኝቱ ስም ኮርኒሽ ይባላል፤ ግዙፍ ኮከቦችን ለማግኘት በሬዲዮና በኢንፍራሬድ የተቀናጀ ቅኝት የሚለው ረዥም የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር ነው። ለእኛ ጆሮ የቤት ኮርኒስ ይመስላል፤ ሥራውም ቢሆን የጋላክሲውን ኮርኒስ ጥግ በጥግ መፈተሽ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም።

የፈተሹትን ቦታ ልታውቁት ትፈልጋላችሁ? ክንዳችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉ። የትንሿ ጣታችሁ ስፋት አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። የጭብጣችሁ ስፋት ደግሞ አስር ዲግሪ ያህል ነው። የኮርኒሽ ቅኝት ርዝመቱ 55 ዲግሪ፣ ማለት አምስት ጭብጥ ተኩል፤ ወርዱ ሁለት ዲግሪ፣ ማለት ሁለት ትንንሽ ጣት ነው። 110 ካሬ ዲግሪ። ከመላው ሰማይ ከሦስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በደመራው ምሽት፣ በዚያችው ሰዓት፣ ይህ ቀጭን ጥብጣብ ከደቡብ በኩል ተነስቶ በመስቀል አደባባይ አናት ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ይወርዳል።

የቅኝቱ ዓይን ጥራት አንድ ነጥብ አምስት የቅስት ሰከንድ ነው። ይህ ምን ያህል ነው ቢሉ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ የአንድ ብር ሳንቲም የሚኖረው ስፋት ነው። ከቬስተርሃውት ዓይን ከሺህ እጥፍ በላይ የጠራ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ያ አንድ እብጠት የነበረው የደብሊው 49 የመወለጃ ደመና በብዙ ትንንሽ ነጥቦች ተከፋፈለ፤ ከነጥቦቹ እያንዳንዱ ገና የተወለደ ግዙፍ ኮከብ፣ ወይም ጥቂት ኮከቦች አንድ ላይ፣ ያለበት ጎጆ ነው።

(አጭር የዜማ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። እነዚህ ሰዎች ደማቁን ብቻ ለምን አልመረጡም? ለምን ጥብጣቡን ሁሉ፣ ባዶ የሚመስለውን ጭምር፣ እኩል ፈተሹት? ደግሞስ ያገኙትን ነጥብ ሁሉ ለምን አላመኑም?

ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም። መርካቶ መሐል ቆማችሁ ስማችሁ የተጠራ መስሏችሁ ዞራችሁ አታውቁም? ማንም አልጠራችሁም፤ ጫጫታው በአጋጣሚ ስማችሁን የመሰለ ድምፅ ሠራ እንጂ። የሬዲዮ ምስልም እንዲሁ ነው። የራሱ የመሣሪያው ጫጫታ አለው፤ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ኮከብ የሚመስል ነጥብ ይሠራል። ስለዚህ «ከተለመደው ጫጫታ ስንት እጥፍ ከጮኸ ነው የማምነው?» ብሎ መወሰን ያስፈልጋል።

በብዙ የሳይንስ ዘርፍ አምስት እጥፍ በቂ ይባላል። ጫጫታ በአጋጣሚ ከራሱ አምስት እጥፍ የሚጮኸው ከሦስት ሚሊዮን ተኩል አንድ ጊዜ ገደማ ነውና። ደህና ይመስላል። ግን እስቲ አብረን እናስላ። 110 ካሬ ዲግሪን በዚያ በሳንቲሙ ስፋት ብንከፋፍለው ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ቦታ ይወጣዋል። ግማሽ ቢሊዮኑን ለሦስት ሚሊዮን ተኩል ብታካፍሉት 150 ገደማ ይደርሳል። ይህ ማለት ሰማይ ላይ የሌሉ፣ ጫጫታው የወለዳቸው አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ሐሰተኛ ኮከቦች ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። የቅኝቱ ሰዎች ስለዚህ ደረጃውን ወደ ሰባት እጥፍ ከፍ አደረጉት። በሰባት እጥፍ ስሌቱ ከአንድ ሐሰተኛ እንኳ በጣም ያንሳል። በዚህም አልረኩም፤ ደማቅ ነገር ባለበት አካባቢ የምስል አሠራሩ ራሱ ሐሰተኛ ነጥብ ስለሚፈጥር፣ አጠራጣሪዎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው እያዩ ምልክት አደረጉባቸው።

በ2013 በኮርማክ ፐርሴል መሪነት የወጣው ዝርዝር 3062 የሬዲዮ ምንጮችን ይዟል። በዝርዝሩ ከሚገኙት መካከል ደብዛዞቹ ምን ያህል ደካማ እንደሆኑ ለማሳየት አንድ ንጽጽር ልጨምር፦ ጨረቃ ላይ ቆሞ ስልክ የሚደውል ሰው ቢኖር፣ የሞባይሉ ምልክት በራሱ ሞገድ ላይ ከእነዚህ በብዙ እጥፍ ይደምቃል።

ታዲያ 3062ቱ እነማን ናቸው?

የመጀመሪያዎቹ ቅኝቱ የተነሣላቸው ናቸው፤ አዲስ የተወለዱ ግዙፍ ኮከቦች። ከፀሐያችን ከስምንት እጥፍ በላይ የሚከብድ ኮከብ ልጅነቱ አጭር ነው። ገና ከተፀነሰበት ደመና ሳይወጣ መንደድ ይጀምራል። ከእሱ የሚወጣው ኃይለኛ አልትራቫዮሌት ጨረር የደመናውን ሃይድሮጅን ይመታና ኤሌክትሮኑን ከፕሮቶኑ ያላቅቃል። በአሥር ሺህ ዲግሪ ገደማ በጋለው በዚህ ጋዝ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በፕሮቶኖች አጠገብ እየታጠፉ ሲያልፉ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫሉ። ኮከቡ ራሱ በአቧራ ተሸፍኗል፤ የጎጆው ጭስ ግን በሬዲዮ ይታያል። ጋዙ በጣም ጥቅጥቅ ስለሚል ለረዣዥሞቹ ሞገዶች የራሱ መጋረጃ ይሆናል፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ 239ኙ እንዲህ ያሉ ጎጆዎች መሆናቸው ተለይቷል።

ሁለተኛዎቹ ተቃራኒዎቻቸው፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ የውጭ ልብሱን ያወልቃል፤ የተራቆተው ትኩስ እምብርት ያንን ልብስ ያበራዋል። ፕላኔተሪ ኔቡላ ይባላሉ፤ ስማቸው እንጂ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የላቸውም። 169 ተገኝተዋል።

የተቀሩት አብላጫዎቹ ግን ጭራሽ የእኛ አይደሉም። ቤት ለቤት ቆጠራ ወጥቶ፣ በየመስኮቱ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሰው ሁሉ መዝግቦ እንደመመለስ ነው። ሬዲዮ አቧራውን አልፎ የሚያሳይ እንደመሆኑ፣ ከጋላክሲያችን በስተጀርባ በብዙ ሚሊዮኖችና ቢሊዮኖች የብርሃን ዓመታት ርቀት ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎችንም ያሳያል፤ በመካከላቸው ጥቁር ጉድጓድ ያለባቸውን፣ ግራና ቀኝ በሬዲዮ የሚታይ ጅረት የሚተፉትን።

በሬዲዮ ሁሉም ነጥብ ነው። ታዲያ ሕፃኑን ከሽማግሌው፣ የአገሩን ሰው ከማዶው እንዴት ለዩት? ሐኪም አንድ ራጅ አይቶ እንደማይፈርድ፣ እነሱም ሁለተኛ ምስል አመጡ። ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህንኑ የሰማይ ክፍል በኢንፍራሬድ፣ በሙቀት ብርሃን፣ አስቀድሞ ፎቶ አንስቶት ነበር። የሕፃኑ ኮከብ ጎጆ በሞቀ አቧራ የተሞላ ስለሆነ በኢንፍራሬድ ይቦግጋል፤ ዙሪያውም ደመና ነው። ሽማግሌው ብቻውን፣ ጎረቤት ሳይኖረው ይታያል። የማዶው ጋላክሲ ደግሞ በአብዛኛው ኢንፍራሬድ ላይ ቦታው ባዶ ነው።

(አጭር የዜማ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ለምን ሁሉንም ቆጠሩ? ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

በ1989 ዳግላስ ዉድና ኤድ ቸርችዌል የተባሉ አሜሪካውያን አንድ እንቆቅልሽ አነሱ። አንድ የሕፃን ኮከብ ጎጆ ከአንድ የብርሃን ዓመት ሢሶ ያህል ነው። በውስጡ የጋለው ጋዝ በሰከንድ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ እየሰፋ ይሄዳል። ብታሰሉት በአሥር ሺህ ዓመት ውስጥ ጎጆው ፈርሶ ትልቅ መሆን ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች ግን ጎጆዎቹን ቆጥረው ሲያዩ በዝተው አገኟቸው፤ ቁጥራቸው ልጅነቱ መቶ ሺህ ዓመት ያህል እንደሚቆይ ይናገር ነበር። ነገሩ በአንድ ቀበሌ አራስ ቤቶችን ቆጥሮ፣ አራስነት ዓመት ይፈጃል እንዴ ብሎ እንደመገረም ነው። ወይ ጎጆው እንዳይሰፋ የሚይዘው ነገር አለ፣ ወይ ቆጠራው ያልሆነውን ቀላቅሏል። ይህን ለመለየት ተመርጦ የታየ ዝርዝር አይበቃም። ለሁሉም እኩል ዓይን የሰጠ ቆጠራ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ እኩል ዓይን ማለት ሁሉን የሚያይ ዓይን ማለት አይደለም። ዱቄት ስትነፉ ደቃቁ ይወርዳል፣ ሸካራው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ተራርቀው የቆሙ ዲሾችም ወንፊት ናቸው። ጥቃቅኑን አጥርተው ያሳያሉ፤ ሰፊውን፣ የተንጣለለውን ደመና ግን ያስቀሩታል። ኮርኒሽ ከ14 የቅስት ሰከንድ በላይ የሚሰፋውን ነገር በደንብ አያይም። ቅድም ያነሳነው የፈነዳው ኮከብ ቅሪት ለቬስተርሃውት ደማቅ ነበር፤ ስፋቱ ግን ከዚህ ወንፊት በላይ ነው። ድምቀትም ላይ ገደብ አለ፤ ከ3.9 ሚሊ ጃንስኪ በላይ ከሆኑት ነጥቦች ከመቶ ዘጠና በላዩን እንደያዘ፣ ከዚያ በታች ግን እየሳተ እንደሚሄድ ዝርዝሩ ራሱ ጽፎታል። ይህን ለማወቅ የሚታመንበት አንዱ መንገድ በኮምፒውተር ሐሰተኛ ነጥቦችን ምስሉ ውስጥ ደብቆ፣ ስንቱን መልሰን እናገኛለን ብሎ ራስን መፈተን ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው። ብዙ ዝርዝር ያለውን ብቻ ይነግራችኋል። ጥሩ ቆጠራ ግን የወንፊቱን ዓይን ስፋት አብሮ ይነግራችኋል፤ «ይህን አይቻለሁ፤ ይህን ባላይ አይግረማችሁ፣ መሣሪያዬ አይደርስበትም» ይላል። ያንን ስላለ ነው ሌሎች ተነሥተው ጎዶሎውን መሙላት የቻሉት። የደቡቡን ሰማይ በአውስትራሊያ ዲሾች ቃኙት። ቪኤልኤ ራሱ ታድሶ በ2012 የጃንስኪን ስም ወሰደ፤ በአዲሱ አቅሙ ያንኑ ጠለል እንደገና ቃኘው። በአህጉራችንም፣ በደቡብ አፍሪካ የካሩ በረሃ፣ ሚርካት የተባለው የ64 ዲሾች ስብስብ ከ2018 ጀምሮ የጋላክሲውን ጠለል ጥቃቅኑንም ሰፋፊውንም አዋህዶ እያሳየ ነው።

አድማጮች፣ ለዛሬ የያዝነው ይህን ነበር። ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በመጪው የደመራ ምሽት፣ የትም ብትሆኑ፣ ከሩብ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ጀርባችሁን ለእሳቱ ስጡ። አዲስ አበባ ወይም አቅራቢያዋ ያላችሁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቀጥ ብላችሁ ወደ አናታችሁ እዩ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ትንንሽ ጣት ለኩ፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን አምስት ጭብጥ ተኩል ቁጠሩ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ እነሱም በጭብጣቸው ይለኩ፤ የልጅ ክንድም ጭብጡም አብሮ ስለሚያንስ ልኩ ያው ነው። በዚያች ጥብጣብ ውስጥ ተፈትሸው የተመዘገቡ 3062 የሬዲዮ ምንጮች አሉ። አንዳቸውም ለዓይናችሁ አይታዩም።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ዜማ)